የአባት ስም በሚለው ቦታ

አማቴን ዋሽቻቸዋለሁ። ውሸቱን አምነው፣ ተደስተውበት፣ አበባም አኑረውበት ሞቱ። ይህን ከባለቤቴና ከአማቴ እህት በቀር እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

አማቴ እንግሊዛዊ ነበሩ፤ በምሥራቅ እንግሊዝ የሰፎክ አውራጃ ሰው። ልጃቸውን ካገባሁ ጀምሮ «አባባ» እላቸው ነበር። ትርጉሙን ከነገርኳቸው በኋላ በሌላ ስም ስጠራቸው ደስ አይላቸውም። በ2016 የገና ሰሞን (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ራት በልተን እሳት ዳር ተቀምጠን ሳለ፣ እኛ አገር ሰው እስከ ሰባት ቤት አባቶቹን እንደሚቆጥር አጫወትኳቸው። የራሴንም ቆጠርኩላቸው። ዝም ብለው አዳመጡና፣ «እኔ ከቅድመ አያቴ ወዲያ አላውቅም። ልጄ፣ የእሱን አባት ስም ብታገኚልኝ... ሰማንያ ዓመት አልፎኛል» አሉኝ።

እኛ ዘንድ የዘር ሐረግ የሚኖረው በሽማግሌ አፍ ነው። እነሱ ዘንድ በወረቀት ነው። በ1538 የንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ሹም ቶማስ ክሮምዌል፣ እያንዳንዱ የአጥቢያ ቄስ ያጠመቀውን፣ ያጋባውንና የቀበረውን በየሳምንቱ በመዝገብ እንዲጽፍ፣ መዝገቡም ሁለት ቁልፍ ባለው ሣጥን እንዲቀመጥ አዘዘ። በዚህ ምክንያት ቁራሽ መሬት ያልነበረው፣ ስሙን መጻፍ እንኳ የማይችል የገጠር ሰው ሳይቀር ሲጠመቅ፣ ሲያገባና ሲቀበር ስሙ ይጻፋል። ከጁላይ 1837 ጀምሮ ደግሞ መንግሥት ራሱ ልደትን፣ ጋብቻንና ሞትን መመዝገብ ያዘ። ከ1841 ወዲህ ያለው የሕዝብ ቆጠራም በየቤቱ ያደረውን ሰው በስም ይዘረዝራል። ይህን ሁሉ ሳውቅ፣ የአያቴ የእናት ወገን ሐረግ ከእሳቸው ጋር አፈር መግባቱን አስቤ ቅናት ያዘኝ።

ልጆቹ ከተኙ በኋላ ማታ ማታ ኮምፒውተሬን እየከፈትኩ ከአባባ ተነስቼ ወደ ኋላ መቁጠር ጀመርኩ። አባታቸውንና አያታቸውን በሁለት ሳምንት አገኘሁ። በእናታቸው በኩል ደግሞ እስከ 1690ዎቹ ድረስ ዘለቅሁ። እዚያ ላይ እንግሊዞቹን የሚያደናግራቸው ነገር ለእኔ ቀላል ነበር። እነሱ እስከ 1751 ድረስ ዓመታቸው የሚጀምረው ማርች 25 ቀን ነበር፤ በ1752 ሴፕቴምበር ደግሞ ከ2ኛው ቀን ቀጥሎ የዋለው 14ኛው ነው። ባለቤቴ ግራ ሲገባው፣ ዕድሜዬን በሁለት አቆጣጠር የኖርኩት እኔ ቁጭ ብዬ አስረዳዋለሁ። ለቀንና ለዓመተ ምሕረት የነበረኝን ጥንቃቄ ሳስብ ነው አሁን ይበልጥ የሚያንገበግበኝ።

የአባባ ቅድመ አያት የተወለደው በ1832 ነው፤ መንግሥት መመዝገብ ሳይጀምር። ስለዚህ ኢፕስዊች ወዳለው የአውራጃው መዝገብ ቤት ሄድኩ። የመንደሩ የጥምቀት መዝገብ መጣልኝ። ከ1813 ጀምሮ መዝገቡ የታተመ ቅጽ ነው፤ በአንድ ገጽ ስምንት ሕፃናት ይሰፍራሉ። በ1832ቱ ገጽ ላይ የምፈልገውን ስም አገኘሁት። ግን ሁለት ጊዜ። አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች፤ ሁለቱም አንድ ስም፣ አንድ የቤተሰብ ስም።

የላይኛው ሕፃን አባትና እናት ተጽፈውለታል፤ አባትየው ጋሪ ሠሪ ነው። በታችኛው ላይ የእናት ስም ብቻ ነው ያለው። የአባት ሥራ በሚጻፍበት ዓምድ «ያላገባች ሴት» ይላል፤ ከሕፃኑ ስም ጎን ደግሞ ቄሱ በደቃቅ ጽሕፈት ሁለት ቃል ጨምረዋል። ቀለሙ ወደ ቡኒ ሄዷል፤ ቃሉ ግን ጥርት ብሎ ይነበባል። በአማርኛ በአንድ ቃል ይመለሳል፤ ዲቃላ።

ባደግሁበት ሰፈር አንድ ልጅ ነበር። ኳስ ሲጫወት ጎል ባገባ ቁጥር ከተሸናፊዎቹ ወገን ያ ቃል ይወረወርበታል። እናቱ ከውስጥ እየሰማች በሩን ትዘጋለች። መዝገቡ ፊት ተቀምጬ ያየሁት ያንን በር ነው። ይህንን ለአባባ ልወስድላቸው? ሰባት ቤት ቆጥሬ ያስቀናኋቸው እኔ፣ «የእርስዎ ቅድመ አያት አባት የለውም» ልበላቸው? ጣቴን ወደ ላይኛው መስመር መለስኩና ጋሪ ሠሪውን ጻፍኩ።

ሳላውቅ ተሳሳትኩ ማለት አልችልም፤ ምልክቱ ሁሉ እጄ ላይ ነበር። ቅድመ አያታቸው በ1856 ሲያገባ በጋብቻ ወረቀቱ ላይ የአባት ስም በሚለው ቦታ አንድ አግድም መስመር ብቻ ተሰምሯል። አባቱ ሞቶበት ይሆናል ብዬ አለፍኩት። በ1841 ቆጠራ ላይ የዘጠኝ ዓመቱ ልጅ የሚገኘው ከጋሪ ሠሪው ቤት ሳይሆን ሁለት ቤት አልፎ፣ ከሽማግሌዎቹ ከጋሪ ሠሪው ወላጆች ዘንድ ነው። እኛ አገር ልጅ አያቱ ጋ ማደጉ ምን ይገርማል? እኔስ ያደግሁት የት ነው? በዚያው ቤት አንዲት ወጣት ሴት ተመዝግባለች፤ የጋሪ ሠሪው እህት። የ1841 ቆጠራ ማን ለማን ምን እንደሆነ አይጽፍም። እኔ በማስታወሻዬ ላይ «አክስቱ» ብዬ ጻፍኳት። እናቱ ነበረች።

ከዚያ የሚብሰውን ልናገር። መዝገቡን ስመልስ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ፣ «የቀብር መዝገቡንስ አይተሽዋል?» ብላ ጠየቀችኝ። በዚያ ዘመን ብዙ ሕፃናት ዓመት ሳይሞላቸው ስለሚሞቱ፣ አንድ ሰው ትክክለኛው ሰው መሆኑ የሚረጋገጠው በልጅነቱ አለመቀበሩ ሲታይ ነው። ይህን አንብቤ አውቀዋለሁ። «አዎ፣ አይቼዋለሁ» አልኳት። አላየሁም ነበር። ባየው ምን እንደማገኝ ፈርቼ ነው።

የዘር ሐረጉን በጥሩ ወረቀት አስጽፌ፣ በመስታወት አስገጥሜ ለአባባ ልደት ሰጠኋቸው። አለቀሱ። በፀደይ ወደ መንደሩ ወሰድናቸው። ጋሪ ሠሪው ከድሃ ሻል ያለ ሰው ስለነበር በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የመቃብር ድንጋይ አለው። አባባ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ድንጋዩ ላይ የበቀለውን ሽበት በአውራ ጣታቸው እየፋቁ ፊደሉን አንድ በአንድ አነበቡ፤ ከዚያ መዳፋቸውን ዘርግተው ድንጋዩ ላይ አሳረፉና ብዙ ቆዩ። እኔ አበባውን ይዤ ከኋላቸው ቆሜያለሁ። የዚያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። አልተናገርኩም። በየዓመቱ ይሄዱ ጀመር። በ2019 ሲሞቱ ባለቤቴ በቀብራቸው ላይ የአባቶቻቸውን ስም ቆጠረ፤ ጋሪ ሠሪውንም ቆጠረው።

በ2022 መጀመሪያ የ1921 ቆጠራ ለሕዝብ ሲከፈት ለልጆቼ ትንሽ መጽሐፍ ላዘጋጅ ብዬ እንደገና ተነሣሁ። የጋሪ ሠሪው ሚስት የተቀበረችበትን ቀን ስለፈለግሁ ያንን የሸሸሁትን የቀብር መዝገብ ከፈትኩ። እሷን ከማግኘቴ በፊት ልጇን አገኘሁት፤ ያው ስም፣ ያው መንደር፣ ዕድሜ «አምስት ወር»።

ገጹ ላይ ፈዝዤ ቀረሁ። ያንን ሕፃን ከሞተ በኋላ አሳድጌ፣ ድሬ፣ አስወልጄ አባባን ሰጥቼዋለሁ። የእውነተኛውን ልጅ እናት ደግሞ ልጇን ነጥቄ አክስት አድርጌያታለሁ።

ከዚያ በኋላ መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን አደረግሁ። የመንደሩ ሣጥን ወረቀቶች ወደ መዝገብ ቤቱ ከገቡ ቆይተዋል፤ ከነሱ ውስጥ የድሆች ጉዳይ የሚባለውን ጠየቅሁ። በእንግሊዝ ሕጉ በ1834 እስኪለወጥ ድረስ፣ ያላገባች ሴት ስትወልድ ልጁን የመጦር ዕዳ የሚወድቀው ከነዋሪው ግብር በሚሰበሰበው የአጥቢያው ገንዘብ ላይ ነበር። ስለዚህ የአጥቢያው ሹሞች አባቱን አጥብቀው ይፈልጋሉ፤ እናትየዋ ዳኞች ፊት ቀርባ በመሐላ እንድትናገር ይደረጋል፤ አባት የተባለውም በየሳምንቱ ገንዘብ እንዲቆርጥ ይፈረድበታል። ርኅራኄ አልነበረም፤ የገንዘብ ጉዳይ ነው። ግን ወረቀት ትቶ አልፏል።

የእሷም ወረቀት አለ። ከታች፣ ስሟን ጸሐፊው ጽፎላት፣ እሷ በመሐሉ የመስቀል ምልክት አድርጋለች። አንደኛው መስመር ከሌላው ይረዝማል፤ ብዕሩ ጫፉ ላይ ቀለም ጥሏል። ከፍ ብሎ ደግሞ የአባትየው ስም፤ የጎረቤት መንደር ሰው፣ የእርሻ የቀን ሠራተኛ፤ በሳምንት አንድ ሺሊንግ ከስድስት ፔንስ እንዲከፍል።

አባባ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የቅድመ አያታቸው አባት ስም። ስሙ እዚያ ነበር። ወደ እሱ የሚወስደው መንገድ ያ በደቃቅ የተጻፈ ቃል ብቻ ነበር፤ እኔ ደግሞ ቃሉን አፍሬበት ሸፈንኩት። ነውሩን የፈረድኩት እኔ እንጂ እሳቸው አልነበሩም። ስለ እናትየዋ ምን እንደሚሉ እንኳ አልጠየቅኳቸውም። ያከበርኳቸው መስሎኝ፣ እውነቱን የመሸከም አቅም የላቸውም ብዬ ናቅኋቸው።

ለባለቤቴ የዚያኑ ዕለት ነገርኩት። ሳምንት ያህል ብዙም አላናገረኝም፤ ልክ ነበር። ከዚያ ወደ አማቴ ታናሽ እህት ሄጄ ወረቀቱን ፊታቸው ዘረጋሁና ከሠራተኛዋ ጥያቄ ጀምሬ ሁሉንም ተናዘዝኩ። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። የእናትየዋን ምልክት በጣታቸው ነኩት። «ወንድሜ ቢያውቅ ኖሮ ወደዚያኛው መንደር ይሄድ ነበር» አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

አባባ፣ በሕይወት ሳሉ ልነግርዎ ይገባኝ ነበር። ይቅር ይበሉኝ።

በመስታወት ያለውን አውርጄ አዲስ አስጽፌያለሁ። የአባት ስም በሚለው ቦታ የቀን ሠራተኛው ስም አለ፤ ከጎኑ የእሷ። ጋሪ ሠሪው አጎት ሆኖ ወደ ቦታው ተመልሷል። አምስት ወር የኖረውም ሕፃን አልተሰረዘም፤ ከአክስቱ ልጅ ጎን፣ በራሱ መስመር ላይ ተጽፏል።