የአባታችን ባሌስትራ

ከአባታችን የወረስናት አንዲት ላንድሮቨር አለችን። በፈረንጅ 1975 የተሠራች ሲሪስ 3 ናት። እሱ ከጉና ሥር ድንች ያመላልስባት ነበር። እኛ ሦስቱ ልጆቹ ግን በወር ሁለት ጊዜ እናታችንን ከጋሳይ ወዲያ ካለው ቤታችን ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት እናደርስባታለን። ሕመሟ ወገቧ ነው።

ዋናው መንገድ ዛሬ አስፋልት ነው፤ ከቤታችን እስከ አስፋልቱ ያለው ግን ድንጋይ በድንጋይ። መኪናዋ ስትነጥር እናታችን የበሩን እጀታ ጨብጣ ዝም ትላለች። «አመመሽ ወይ እማዬ?» ስንላት «ኧረ ምንም አልል፤ ንዱ!» ነው መልሷ።

በታሪክ እንደምናውቀው በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖልን ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ መንገዱ ለመንኮራኩሩ እየተጠረገ ነበር፤ ግማሽ ዓመት ያህል ፈጀ። እኛ ያን የሚያህል ጉልበት ከየት አባታችን እናምጣ? መንገዱን ማቃናት ካልቻልን መኪናዋን ማቃናት ነው ብለን ተመካከርን።

ታላቃችን «ከፍ እናድርጋት፣ ትልልቅ ጎማ እንግጠምላት» አለ። ታናሻችን «ሾክ አብዞርበሩ ብቻ ይለወጥ» አለ። ሽማግሌው መካኒክ ከሥሯ ተንፏቆ ገብቶ ሲወጣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀን፦ «እናንተ ልጆች፣ የምትጭኑት ሰው ነው ድንች?»

ነገሩ እንዲህ ነው። የላንድሮቨር ባሌስትራ የተደራረበ ብረት ነው። ጎማው ድንጋይ ሲረግጥ ብረቶቹ አንዱ በአንዱ ላይ እየተንሸራተቱ ይተጣጠፉና ምቱን ይውጡታል። ዝገት ካጣበቃቸው ወይም ከልክ በላይ ከበዙ መተጣጠፍ ይቀርና ምቱ በቀጥታ ወንበሩ ላይ ይወጣል። ሾክ አብዞርበር ደግሞ ሥራው ሌላ ነው፤ ባሌስትራው ከተተጣጠፈ በኋላ ደጋግሞ እንዳይነጥር ይገታዋል። ያልተንቀሳቀሰውን ምኑን ይገታል! ከፍ ማድረጉም ቢሆን መኪናዋን ለመገልበጥ ያቀርባት እንደሆን እንጂ አያለሰልሳትም።

ከኋላ በየጎኑ አንዳንድ ብረት አባታችን ለድንቹ ብሎ በገዛ እጁ አስጨምሮ ኖሯል። ያስቸገረን ይኸው ነው። እናታችን ወሬውን ስትሰማ «እሱ የገጠመውን አትንኩብኝ» አለች። አጎታችንም «አሥር ኩንታል የምትሸከመውን መኪና የሽርሽር ልታደርጓት!» ብሎ ተቆጣ። እውነቱን ነው፤ የድንቹ ገንዘብ ለኛም ደብተር ሆኖልናል። ሦስት ቀን ተከራከርን። በመጨረሻ የእናታችን ወገብ በለጠብን።

መኪናዋ በክሪክ ተነሣች፤ የተጨመሩት ሁለት ብረቶች ወጡ። የቀሩት አንድ ባንድ ተፈትተው ዝገታቸው ተፋቀ፣ ግራሶ ተቀቡ። ያለቁት ጎሚኒዎች ተለወጡ። መካኒኩ የጎሚኒዎቹን ቡሎን ያጠበቀው መኪናዋ ወርዳ በእግሯ ከቆመች በኋላ ነው፤ ተንጠልጥላ ከጠበቀ ላስቲኩ ተጠምዝዞ ቶሎ ይቀደዳል አለን። ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ በሰው አደራ ያስመጣናቸው ሾክ አብዞርበሮች ገቡ። በሳምንቱም ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር ያሰሩት ቡሎኖች እንደገና ጠበቁ፤ ይህን የሚረሳ ሰው ባሌስትራው ይሸሽበታል።

በቀጠሮዋ ቀን ያንኑ ድንጋይ ወረድነው። መኪናዋ ወዲያ ወዲህ ትወዛወዛለች እንጂ አትነጥርም። እናታችን ጥቂት እንደሄድን እጀታውን ለቀቀችና የሰው ገብስ እያየች ታማ ጀመር። ከዚያ ድንገት እንዲህ አለች፦

«እሱም እኮ ወገቡን ያመው ነበር። ለናንተ አልነገረም እንጂ።»

ሁለቱ ብረቶች ግራሶ ተቀብተው ከጎተራው ሥር ተቀምጠዋል። አጎታችን ግን እስከ ዛሬ እንዳኮረፈን ነው።