ስለ ግዝረትና ስለ ኤች አይ ቪ የተማሩት ወጣቶቻችን አሳብ

በአገራችን በኢትዮጵያ ወንድ ልጅ በተወለደ በስምንተኛው ቀን ሲገረዝ ፈቃዱን የሚጠይቀው የለም። ሕፃኑ ያለቅሳል፥ እናቱ ፊቷን ታዞራለች፥ ነገሩም በዚያው ይረሳል። ስለዚህ ኮሌጅ የገባውን ልጃችንን «በፈቃድ ስለ መገረዝ ምን ታስባለህ?» ብንለው መሳቁ አይቀርም። ዐፄ ገላውዴዎስ በ1547 ዓ.ም. ገደማ ስለ ሃይማኖታቸው በጻፉት ቃል፥ የእኛ ግዝረት እንደ አይሁድ ሥርዓት የሚቈጠር ሳይሆን የአገር ልማድ መሆኑን፥ ይኸውም በኖባ ፊትን እንደ መብጣት፥ በሕንድም ጆሮን እንደ መብሳት ያለ መሆኑን ገልጠዋል። ንጉሡ ልማድን ከሃይማኖት እንዲህ አጥርተው መለየታቸው እስከ ዛሬ ያስደንቀናል።

በዘመናችን ግን በዚህ ልማድ ሐኪሞች ሌላ ቁም ነገር አግኝተውበታል። በደቡብ አፍሪካ፥ በኬንያና በኡጋንዳ በብዙ ሺሕ ወንዶች ላይ የተደረገው ምርመራ፥ የተገረዘ ወንድ ኤች አይ ቪ ካለባት ሴት በሽታውን የመቀበሉ ዕድል ከመቶ 60 ያህል እንደሚቀንስ አስረዳ። ምክንያቱም የሸለፈቱ የውስጥ ቆዳ ስስ ሆኖ፥ ቫይረሱ ፈጥኖ የሚይዛቸው ሕዋሳት የበዙበት ስለ ሆነ ነው። የዓለም የጤና ድርጅትም በመጋቢት 1999 ዓ.ም. በሽታው በበዛበትና ግዝረት ባልተለመደበት አገር ወንዶች በፈቃዳቸው በሐኪም እጅ ቢገረዙ መልካም መሆኑን መከረ።

ይህ ምክር በአገራችን ይልቁንም የተመለከተው ጋምቤላን ነው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት ከኢትዮጵያ ወንዶች ከመቶ 91 የተገረዙ ሆነው ሲገኙ፥ በጋምቤላ ግን 72 ብቻ ነበሩ፤ በሽታውም በመላው አገር ከመቶ አንድ የማይሞላ ሲሆን በዚያ ወደ 5 ተጠግቶ ነበር። በኑዌር አባቶች ልማድ የጎልማሳ ወንድነቱ የሚታወቀው በግንባሩ ላይ በሚበጣው ስድስት መሥመር ነውና (ዐፄ ገላውዴዎስ ምሳሌያቸውን ከሩቅ አላመጡትም)፥ የዚያ አገር ተማሪ ስለ ግዝረት ሲጠየቅ ሕመሙንም፥ የአባቶቹንም ልማድ፥ የጓደኞቹንም ሳቅ አመዛዝኖ ነው የሚመልሰው። ፈቃድ ማለትም ይህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስታውስ። የተናገርነው ሁሉ ስለ ወንድ ብቻ ነው። የሴት ልጅ ግርዛት ምንም ዓይነት የጤና ጥቅም የሌለው፥ ጉዳቱ ግን ብዙ የሆነ፥ በ1997 ዓ.ም. የጸናው የወንጀል ሕግም የሚቀጣበት ነገር ስለ ሆነ፥ ስሙ ተመሳሰለ ተብሎ ሁለቱ በአንድ ሊታዩ አይገባም።

የእኛን የደጋዎቹን ልጆች የሚያሠጋቸው ነገር ግን ሌላ ነው። በምዕራብ አርማጭሆ አብርሃ ጅራ፥ እንደዚሁም በመተማ፥ የሰሊጥ ማረሚያና ማጨጃ ጊዜ ሲደርስ ከደጋው እጅግ ብዙ ወጣት ለሥራ ይወርዳል፤ ከትምህርት ቤት ዕረፍት የወጡም ይገኙበታል። ከቤተ ሰቡ ርቆ፥ ገንዘብ በኪሱ ይዞ፥ ማታ ማታ ከመጠጥ ቤት በቀር መዋያ የሌለው ጎልማሳ ምን እንደሚያገኘው ለአንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። አንድ የሒሳብ አያያዝ ትምህርት የሚማር ዘመዳችን በክረምት ወደ አብርሃ ጅራ ለመውረድ ሲነሣ፥ ስለዚህ በሽታ ልንመክረው ብንጀምር፥

«ጋሼ፥ እኛ እኮ የተገረዝን ነን፤ ይህ ምክር ግዝረት ለማያውቁት የታዘዘ ነው» አለን።

እኛም እንዲህ አልነው፦ በአገራችን የዚህ በሽታ ሕሙማን መጀመሪያ የታወቁት በ1978 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ በአዲስ አበባ፥ በጎንደርና በባሕር ዳር የቀበርናቸው ወንዶች ያልተገረዙ ነበሩን? አንተ የሒሳብ ሰው ነህ፤ ከመቶ 60 ቢቀነስ 40 አይቀርምን? ያም 40 በየሌሊቱ እንደ ገና የሚቈጠር ዕዳ አይደለምን?

ጥቂት አሰበና «ለሴቲቱስ ይጠቅማታልን?» ብሎ ጠየቀን። ከዚያው ኮሌጅ የምትማር እጮኛ እንዳለችው እናውቅ ነበር። የወንዱ መገረዝ ከእርሱ ወደ እርሷ የሚተላለፈውን በቀጥታ እንደማያግድ፥ ለዚህ የሚረዳው መታገሥ፥ ካልሆነም ኮንዶም፥ ይልቁንም ተመርምሮ ራስን ማወቅ መሆኑን ነገርነው። ያን ጊዜ ሳቁ ቀረና ዝም አለ። ከሁሉ ይልቅ ደስ ያሰኘን ይህ ጥያቄው ነው፤ ስለ ግዝረት የሚያስቡ ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ የሚጠይቁት ስለ ራሳቸው ብቻ ነውና።

እርሱም ወደ አብርሃ ጅራ ወረደ፥ የአረሙንም ሥራ ጨርሶ በጳጉሜን ተመለሰ። ልጂቱም ቀለበት ከመደረጉ በፊት ሁለቱ አብረው እንዲመረመሩ ጠየቀችው። እናቱ «ልጄን ጠረጠረችው» ብለው ጥቂት ቀን አኵርፈው ነበር፤ እርሱ ግን ሳያንገራግር አብሯት ወደ ጤና ጣቢያ ሄደ። የምርመራውን ነገር ለእኛ አልነገሩንም፥ እኛም አልጠየቅናቸውም።