ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት

የወላጆቼ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ፣ ጠረጴዛው ላይ ካርታ ዘርግተናል። አባዬ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መንገዱን በጣቱ ይከተላል። ከሳንታ ክላራ ተነስተን የሳን ቶማስ አኩዊኖን ጅረት ይዘን ወደ ሰሜን እንሄዳለን። ከዚያ የባሕረ ሰላጤውን ዳር ዳር ይዘን እስከ ፓሎ አልቶ ረግረግ። ደርሶ መልስ 30 ማይል ገደማ ነው፤ በኪሎ ሜትር 48። አባዬ 71 ዓመቱ ነው። ደረጃ ሲወርድ አንድ ጉልበቱ ያስቸግረዋል።

«እኔ እኮ ጢስ ዓባይ ደርሼ በዚያው ቀን የምመለስ ሰው ነበርኩ» ይላል።

ያደገው ባሕር ዳር ነው። ባሕር ዳር ጣና ሐይቅ ዳር ያለች ሜዳ ከተማ ናት፤ እዚያ ብስክሌት የልጅ መጫወቻ ብቻ ሳይሆን ሰው ሥራ የሚሄድበት ነው። እሱና ጓደኞቹ ብስክሌት በሰዓት እየተከራዩ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን እስከ ዓባይ ድልድይ ይሽቀዳደሙ ነበር። ጢስ ዓባይ ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ደርሶ መልስ 60 ማለት ነው። ስለዚህ በቁጥር ከሆነ አባዬ ልክ ነው፤ የኛ መንገድ ያጥራል። ያኔ ግን 17 ዓመቱ ነበር።

ይህ ሁለተኛ ሙከራችን ነው። የመጀመሪያውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

ባለፈው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ላይ አባዬ ደወለና «ቅዳሜ በአሥራ ሁለት ሰዓት እንነሳ» አለኝ። እኔም ስልኬ ላይ 12:00 ብዬ መዘገብኩ። ከናንተም ብዙዎቻችሁ ይህን ስህተት ሳታውቁት አትቀሩም። በኢትዮጵያ ሰዓት የቀኑ ቆጠራ የሚጀምረው ከፀሐይ መውጣት ጋር ነው፤ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት በአሜሪካ ሰዓት ስድስት ነው። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። አባዬ በእንግሊዝኛ ሲያወራ «ስድስት» ይላል፤ በአማርኛ ሲያወራ «አሥራ ሁለት»። እኔ በአማርኛ ሰምቼ በእንግሊዝኛ ጻፍኩት።

እኩለ ቀን ላይ ስደርስ ሄልሜቱን አድርጎ በር ላይ ቆሟል። «መጣሽ? በይ እንሂድ» አለኝ፤ ሌላ ምንም አላለም።

በዚህ መንገድ ላይ ሰዓቱ ቀላል ነገር አይደለም። መንገዱ ሜዳ ነው፤ ዳገቱ ነፋሱ ነው። በበጋ ከሰዓት በኋላ ወደ ውስጥ ያለው መሬት ሲሞቅ ቀዝቃዛው የፓስፊክ አየር ወደ ባሕረ ሰላጤው ይገባል፤ በኛ በኩል ከሰሜን ምዕራብ ይነፍሳል። እኛ ደግሞ የምንሄደው ወደ ሰሜን ምዕራብ ነው። ከሰኒቬል አልፈን ግድቡ ላይ ስንወጣ ዛፍ የለም፣ ግንብ የለም፣ ነፋሱን የሚያቆመው እኔና አባዬ ብቻ ነን። ማርሹን ዝቅ አደረገ። እንደገና ዝቅ አደረገ። በመጨረሻ ወርዶ ብስክሌቱን መግፋት ጀመረ። «ይብቃን ልጄ» ሲለኝ መንገዱን ገና አላጋመስንም ነበር።

ማታ እማዬ ነገረችኝ። ከጎህ ጀምሮ በር ላይ ነበር። «ደውልላት» ብትለው «ሥራ በዝቶባት ይሆናል፤ አታስቸግሪያት» አላት። የደረስኩት በኢትዮጵያ ስድስት ሰዓት ላይ ነው፤ የጠበቀኝም ስድስት ሰዓት ሙሉ ነው። ከዚያ ወዲህ ብስክሌቱ ጋራዥ ውስጥ አቧራ ጠጣ። «እንሞክር» ባልኩት ቁጥር «እስቲ እናያለን» ይላል። አባዬ «እናያለን» ካለ አይሆንም ማለቱ ነው።

ዘንድሮ ግን ራሱ ካርታ አምጣ አለኝ፤ «አምጪ» ማለቱ ነው፣ ሲቸኩል ከወንድሜ ጋር ያምታታኛል።

ስለዚህ እያቀድን ነው። ጅረቱን የሚከተለው መንገድ በሊቫይስ ስታዲየም አጠገብ ያልፋል፤ ጨዋታ ባለበት ቀን ያ ክፍል ስለሚዘጋ የጨዋታውን ፕሮግራም አይተናል። ከስታዲየሙ በኋላ ያለው የግድብ መንገድ ጠጠር ስላለው ቀጭን ጎማ አይሆንም፤ የአባዬን ጎማ በሰፊ ቀየርኩለት። ጥላ ስለሌለ ለያንዳንዳችን ሁለት ሁለት ጠርሙስ ውኃ እንይዛለን። የውስጥ ጎማ፣ መንፊያ፣ የፀሐይ ክሬም። ክሬሙን አባዬ ከዝርዝሩ ሁለቴ ሰርዞታል።

በቀኝ በኩል የሚታዩት ኩሬዎች ድሮ ጨው የሚመረትባቸው ነበሩ። አንዳንዶቹ ሮዝ ናቸው፤ ቀለሙ የሚመጣው ጨው ከሚወዱ ጥቃቅን ሕዋሳት ነው። ከአውሮፕላን አይታችኋቸው ይሆናል። የዱር እንስሳት መጠለያው በሕግ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው፤ ዛሬ የሚጠራው ለዚያ በታገለው በኮንግረስ አባሉ በዶን ኤድዋርድስ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 መንግሥት ከጨው ኩባንያው ከ15,000 ኤከር በላይ ገዝቶ ለወፎቹ መመለስ ጀመረ። አባዬን የሚገርመው ይህ ሳይሆን ፔሊካኑ ነው። ባለፈው ዓመት ነጮቹ ኩሬው ላይ ሲንሳፈፉ ሲያይ «የጣና ወፍ!» ብሎ ጮኸ። ዝርያቸው ይለያያል ብዬ አላረምኩትም።

የነፋሱን ነገር ግን ከኔ ይልቅ እሱ ያውቃል። የጣና ታንኳ ቀዛፊዎች ራቅ ወዳለ ቦታ የሚሻገሩት ጠዋት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነስቶ ማዕበል ያመጣል። «ለዚህ እኮ ነው አሥራ ሁለት ሰዓት ያልኩሽ» አለኝ። ስለዚያ ቀን ሲያነሳ የመጀመሪያው ነው።

በጠዋት ከወጣን ስንሄድ አየሩ ጸጥ ይላል፤ ስንመለስ ነፋሱ ከኋላ ይገፋናል። ከመመለሳችን በፊት ማውንቴን ቪው ውስጥ ሾርላይን ሐይቅ ዳር እናርፋለን። ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው፤ ዙሪያው ያለው መናፈሻ ድሮ ቆሻሻ መጣያ ነበር። ጉልበቱ ካመመው እማዬ መኪና ይዛ እዚያ ድረስ ትመጣለች። በዚህ ላይ ለሁለት ቀን ተከራክረናል። በመጨረሻ «ሻይ በፔርሙስ ይዛ ከመጣች ትምጣ» ብሎ ተስማማ።

ወረቀቱን ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍኩት። «ቅዳሜ፣ ጠዋት 12 ሰዓት» ብዬ ጻፍኩ፤ ከሥሩ «በአሜሪካ 6:00»። አባዬ ቀና ብሎ አነበበው። ከዚያ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ቁጥሬ መኖሩን አየ።

«አምስት ደቂቃ ካለፈ እደውላለሁ» አለኝ።