ጥይቱን የሰማው ማን ነው?

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 18 ቀን 2024 የቺካጎ ከተማ ምክር ቤት በ33 ድጋፍና በ14 ተቃውሞ አንድ ደንብ አጸደቀ። ደንቡ ሾትስፖተር የተባለው የተኩስ ድምፅ መለያ ሥርዓት እንዳይቋረጥ የፖሊስ አዛዡ ራሳቸው ውል እንዲፈርሙ የሚፈቅድ ነበር። ከንቲባ ብራንደን ጆንሰን ግን መሣሪያውን ከከተማዋ እንደሚያስወግዱ በ2023ቱ የምርጫ ዘመቻ ቃል ገብተው ነበርና ደንቡን እንደማይቀበሉት አስታወቁ። ከአራት ቀን በኋላ፣ ሴፕቴምበር 22፣ በየምሰሶውና በየጣሪያው ተሰቅለው የነበሩት ድምፅ ተቀባዮች ሥራ አቆሙ።

ክርክሩን ከሩቅ የተከታተለ ሰው ጥቁር ነዋሪዎች በአንድ ወገን፣ ፖሊስ በሌላ ወገን የተሰለፉበት የተለመደ ሙግት ሊመስለው ይችላል። ሰልፉ ግን እንዲያ አልነበረም። ሥርዓቱ እንዲቀጥል አጥብቀው ከተከራከሩት የምክር ቤት አባላት መካከል የደቡብና የምዕራብ ቺካጎ ጥቁር ተመራጮች ይገኙበታል። የ17ኛው ምርጫ ክልል ተወካይ ዴቪድ ሙር ከነዚህ አንዱ ናቸው። መራጮቻቸው በየሌሊቱ ተኩስ ይሰማሉ፤ አንድ ልጅ ተመትቶ ጎዳና ላይ ቢወድቅና ማንም ስልክ ባይደውል ቢያንስ መሣሪያው ይሰማል የሚለው ሙግታቸው በቀላሉ የሚገፋ አልነበረም። በሌላ በኩል ሥርዓቱ የተተከለው ከከተማዋ 22 የፖሊስ ወረዳዎች በ12ቱ ብቻ ነበር። እነዚህም በአመዛኙ ጥቁርና ላቲኖ ነዋሪዎች የሚበዙባቸው ናቸው። በዚያው ሰፈር ያደጉ ወጣቶች መሣሪያውን የሚያውቁት በፖሊስ መኪና አመጣጥ ነው።

ቴክኖሎጂውን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። ጥይት ሲተኮስ ድምፁ ለቅርቡ ማይክሮፎን ቀድሞ፣ ለሩቁ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ቢያንስ ሦስት ማይክሮፎኖች ከሰሙት በመካከላቸው ያለው የጊዜ ልዩነት ተሰልቶ የተኩሱ ቦታ ይገኛል። ኮምፒውተሩ ድምፁ ተኩስ ይሁን ርችት ለመለየት ይሞክራል፤ ከዚያ በኩባንያው ማእከል የተቀመጠ ሠራተኛ ቅጂውን ሰምቶ ያጸድቃል ወይም ይጥላል። ሁሉም በአንድ ደቂቃ ገደማ ተጠናቆ ጥቆማው ለፖሊስ ይደርሳል። ኩባንያው በ1996 በካሊፎርኒያ የተቋቋመ ሲሆን በ2023 ስሙን ሳውንድ ቲንኪንግ ብሎ ለውጧል። ቺካጎ በ2018 የፈረመችው የሦስት ዓመት ውል 33 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ነበር፤ ኋላም ተራዝሟል።

በክርክሩ ውስጥ ያለ እረፍት የተወረወሩት ሁለት ቁጥሮች ናቸው። ኩባንያው መሣሪያው 97 በመቶ ትክክል ነው ይላል። የቺካጎ ዋና ኢንስፔክተር ጽሕፈት ቤት ደግሞ በኦገስት 2021 ባወጣው ሪፖርት ከጃንዋሪ 2020 እስከ ሜይ 2021 ተኩስ ሳይሆኑ አይቀሩም ተብለው ከተላለፉት 50,176 ጥቆማዎች ውስጥ ከጦር መሣሪያ ጋር የተያያዘ ወንጀል ማስረጃ የተገኘው በ4,556ቱ ብቻ፣ ማለትም በ9.1 በመቶው እንደሆነ አሳየ። ጋዜጦች ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጠው ከሁለቱ አንዱ መዋሸት አለበት የሚል ስሜት ፈጠሩ። ሆኖም ቁጥሮቹ አይጋጩም፤ የሚለኩት ነገር የተለያየ ነው።

የዘጠኝ በመቶውን ቁጥር በጥንቃቄ ማንበብ ያሻል። ፖሊስ ደርሶ ምንም አላገኘም ማለት ጥይት አልተተኮሰም ማለት አይደለም። ሪቮልቨር ቀለሃ አይጥልም። ከሚሄድ መኪና የሚተኩስ ሰው ቀለሃው መኪናው ውስጥ ይቀርለታል። በጨለማ፣ በበረዶና በሣር መካከል አንዲት ቀለሃ ፈልጎ ማግኘት ዕድል ይጠይቃል። ስለዚህ የቀሩት 91 በመቶ ሁሉ የሐሰት ጥቆማዎች ናቸው የሚለው የተቃዋሚዎች አነጋገር ከሪፖርቱ አልፎ የሄደ ነው።

የ97 በመቶው ቁጥር ግን ከዚህ የባሰ ችግር አለበት። አንድ ጥቆማ ስሕተት ተብሎ የሚመዘገበው ደንበኛው ፖሊስ ስሕተት ነበር ብሎ ለኩባንያው ካመለከተ ነው። በሌሊት ስድስት ሰዓት ወደ ባዶ መንገድ ተልኮ፣ በባትሪ አስፋልቱን አይቶ፣ ምንም አጥቶ ወደ መኪናው የተመለሰ ፖሊስ ቅጽ ሞልቶ ለኩባንያ አቤቱታ የሚልክበት ምክንያት የለውም። ያልተጠየቀው ሁሉ ትክክል ሆኖ ይቆጠራል። ዝምታ ወርቅ ነው የሚለው ብሂል እንዲህ ቃል በቃል በሥራ ላይ የዋለበት የግዢ ውል እምብዛም አይገኝም።

ይሁንና በትክክለኛነት ላይ የተደረገው ይህ ሁሉ ጭቅጭቅ ዋናውን ጉዳይ ሸፍኖታል። በማርች 2021 ቺካጎ ሊትል ቪሌጅ በተባለው ሰፈር የሆነው ይህን ያሳያል። መሣሪያው ተኩስ ሰማ፤ በእርግጥም ተተኩሶ ነበር። ቦታውን በትክክል ለየ። ፖሊሶች በደቂቃዎች ውስጥ ደረሱ። ከዚያም አንድ ፖሊስ የ13 ዓመት ልጅ አሳድዶ፣ ቪዲዮው እንዳሳየው ልጁ ሽጉጡን ጥሎ እጁን ባነሣ በሰከንድ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ተኩሶ ገደለው። መሣሪያው በዚያ ሌሊት አልተሳሳተም። የመሣሪያው ትክክለኛነት 97 ቢሆን ወይም መቶ ቢሆን ለዚያ ልጅ የሚለውጥለት ነገር አልነበረም።

ጥቆማው የሚነግረው ቦታና ሰዓት ነው። ማን እንደተኮሰ፣ በማን ላይ እንደተኮሰ፣ ሰው ይመታ አይመታ፣ ተኳሹ ይሽሽ ይቁም አይናገርም። ጎረቤት ሲደውል ግን ሁለት ልጆች ተጣልተው ነበር፣ አንደኛው በቀይ መኪና ሄደ፣ የቆሰለው ደረጃው ላይ ተቀምጧል ይላል። በአገር ቤት ገጠር ጥይት በሠርግም በለቅሶም ይተኮሳል፤ ሰሚው የማን ደጅ ድግስ እንዳለና ማን እንደታመመ ስለሚያውቅ የደስታውን ከመርዶው ለመለየት ብዙ አይቸገርም። ማይክሮፎን ይህን ማወቅ አይችልም። ጥቆማ ተከትሎ የሚሄድ ፖሊስ በካርታ ላይ ያለች ነጥብና የታጠቀ ሰው አገኛለሁ የሚል ግምት ብቻ ይዞ ይሄዳል፤ በነጥቧ አጠገብ የሚያገኘው ሰው ደግሞ ሲጋራ ሊገዛ የወጣ ሊሆን ይችላል። የቺካጎው ሪፖርት ብዙም ያልተወራለት ክፍል ይህን ይመለከታል፦ አንዳንድ ፖሊሶች በአካባቢው ጥቆማ ይበዛል የሚለውን ግንዛቤ ብቻውን ሰዎችን አስቁሞ ለመፈተሽ እንደ ምክንያት ይጠቅሱት ነበር። ድምፁ በፍርድ ቤትም ከአቅሙ በላይ ተጠቅሷል። በዚያችው ከተማ ከስድሳ ዓመት ያለፉ አንድ ሰው በግድያ ተከስሰው ወደ አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ከታሰሩ በኋላ ዐቃቤ ሕግ ማስረጃው በቂ አይደለም በማለቱ ክሱ በ2021 ተዘጋ፤ ከክሱ ምሰሶዎች አንዱ ከመሣሪያው የተገኘው የድምፅ መረጃ ነበር።

ደጋፊዎቹ ከሚያቀርቡት ሁሉ የሚበልጠው ክርክር ወንጀለኛን ስለ መያዝ አይደለም፤ ደም ስለ ማቆም ነው። ጭኑ የተመታ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል። በኒው ጀርሲ ካምደን ከተማ የተደረገ ጥናት መሣሪያው በለያቸው አደጋዎች ቁስለኞች ወደ ሆስፒታል የደረሱበት ጊዜ ማጠሩን አሳይቷል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ከንቲባ ጆንሰንን የደገፉ ተንታኞች በሚገባው ክብደት አልተነጋገሩበትም። በተቃራኒው ወንጀልን ይቀንሳል የሚለው ተስፋ ድጋፍ አላገኘም፦ ከ1999 እስከ 2016 የ68 ትልልቅ ካውንቲዎችን መረጃ የመረመረ በ2021 የታተመ ጥናት ሥርዓቱ በጦር መሣሪያ በሚፈጸም ግድያም ሆነ በእስራት ቁጥር ላይ ጉልህ ለውጥ አላገኘም። መሣሪያው እንደ ፖሊስ መሣሪያ ደካማ፣ እንደ አምቡላንስ ደወል ግን ተስፋ ያለው ከሆነ፣ ጥቆማው በቅድሚያ ለፖሊስ የሚሄድበትና ወጪው ከፖሊስ በጀት የሚወጣበት ምክንያት ምንድን ነው? በምክር ቤቱ ክርክር ይህ ጥያቄ መድረክ አላገኘም ማለት ይቻላል።

ሁሉም ወገን እኩል የሚጠቅሰው አንድ ቁጥር አለ። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎቹ ጂሊያን ካርና ጄኒፈር ዶሊያክ በ2016 ባወጡት ጥናት በዋሽንግተን ዲሲና በኦክላንድ መሣሪያው ከመዘገባቸው ተኩሶች ውስጥ ወደ 911 የተደወለው በ12 በመቶው ብቻ እንደነበር አሳዩ። ለኩባንያው ይህ የመሣሪያው አስፈላጊነት ማረጋገጫ ነው፤ ሰው ካልደወለ ማሽን ይደውል። ግን ቁጥሩ ሌላም ነገር ይናገራል። ከስምንት ተኩስ በሰባቱ፣ መስኮቱን ከፍቶ የሰማ፣ ከአልጋው ወርዶ ወለል ላይ የተኛ፣ ልጁን ከመስኮት ያራቀ ሰው ስልኩን አላነሣም። መሣሪያው ያንን ዝምታ ሞላው እንጂ ለምን ዝም እንዳለ አልጠየቀውም።

የዝምታው ምክንያቶች ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደሉም። ዲሲ ሥርዓቱን ከተከሉት ቀደምት ከተሞች አንዷ ናት፤ ኢትዮጵያውያን ምግብ ቤት የከፈቱባቸው፣ ታክሲ የሚነዱባቸው፣ በሌሊት የመኪና ማቆሚያ የሚጠብቁባቸው ሻው፣ ኮሎምቢያ ሃይትስና የጆርጂያ ጎዳና ተኩስ የማያውቃቸው ሰፈሮች አይደሉም። በ2023 በከተማዋ 274 ሰዎች ተገድለዋል። በ2004 የወጣው የዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛን የከተማው መሥሪያ ቤቶች አገልግሎት ከሚሰጡባቸው ቋንቋዎች ተርታ ስላሰለፈው አስተርጓሚ አለ። ቢሆንም የጥገኝነት ጉዳዩ ገና ያልተወሰነለት የሌሊት ዘበኛ ስሙን ለፖሊስ መስጠት ይከብደዋል። ምስክር ሆኖ ከተጠራ የሥራ ቀኑን ያጣል፤ የተኮሰው ልጅ ደግሞ ሱቁን ያውቀዋል። በአገር ቤት ፖሊስ ጣቢያ አቤት ብሎ ሄዶ ራሱ ተጠያቂ ሆኖ የቀረ ዘመድ የሌለው ስንቱ ነው? በደቡብ ቺካጎ ያለ ጥቁር አሜሪካዊ ታሪኩ ከዚህ ይለያል፤ ስልኩን እንዳያነሣ የሚያደርገው ስሌት ግን ይመሳሰላል።

እዚህ ላይ የደጋፊዎቹ መልስ ሊሰማ ይገባል፦ ታዲያ የፈራው ሰው ራሱን አደጋ ላይ ሳይጥል እርዳታ ቢደርስለት ምን ክፉ አለው? ክፉ የለውም። ሂሳቡ የሚመጣው ከሌላ በኩል ነው። በሳንታ ባርባራ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የቺካጎን መዝገብ መርምረው መሣሪያው ከተተከለ በኋላ ለ911 አስቸኳይ ጥሪዎች መኪና ለመመደብ የሚወስደው ጊዜ በአንድ ደቂቃ ገደማ፣ ቦታው ላይ ለመድረስ የሚወስደው ደግሞ በሁለት ደቂቃ ገደማ እንደጨመረ አገኙ። የፖሊስ ቁጥር ያው ነው፤ ጥቆማው ግን በየቀኑ በብዙ አሥሮች ይመጣል። በባሏ ተደብድባ የደወለች ሴት የምትጠብቀው መኪና ቀለሃ ፍለጋ ሄዷል። ፍርሃቱን አሸንፎ የደወለው ያ ጥቂት ሰው ከበፊቱ የበለጠ እንዲጠብቅ ተደረገ፤ በቀጣዩ ጊዜ ስልኩን ያነሣ እንደሆነ ማንም አልተከታተለም።

የማይክሮፎኖቹ ሥፍራ ለረጅም ጊዜ ምስጢር ነበር። በ2024 ዋይርድ መጽሔት ከ25,000 በላይ የሚሆኑትን ሥፍራ የያዘ ሾልኮ የወጣ ሰነድ መርምሮ ቢያንስ አንድ ማይክሮፎን ባለበት ሰፈር ከሚኖሩት ሰዎች 70 በመቶ የሚጠጉት ጥቁሮች ወይም ላቲኖዎች መሆናቸውን አገኘ። ኩባንያውና ፖሊሶች የሚተከለው ተኩስ በሚበዛበት ነው ይላሉ፤ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ማይክሮፎን የሌለበት ሰፈር ተኩሱ የሚቆጠረው ሰው ሲደውል ብቻ ስለሆነ፣ አንዴ የተተከለበት ሰፈር ከሌላው ጋር ሲነጻጸር ሁልጊዜ የባሰ ሆኖ ይታያል፤ ያ ቁጥር ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ተጨማሪ ፖሊስ ለመላክ ማስረጃ ይሆናል።

ቺካጎ መሣሪያውን ከዘጋች በኋላ ሁለቱም ወገኖች የግድያ ቁጥር መጠበቅ ጀመሩ። ከተማዋ በ2023 ከነበረው 617 ግድያ በ2024 ወደ 573 ወረደች። ግን መሣሪያው ባላቸውም በሌላቸውም ከተሞች ግድያ በዚያው ዓመት ቀንሷል፤ በ2020 በመላ አገሪቱ በ30 በመቶ ገደማ ያሻቀበው ማዕበል እየተመለሰ ነበር። ከዚህ ቁጥር ለሙግቱ የሚረዳ ነገር የሚያወጣ ሰው በሌላ ሰው ዝናብ እርሻዬ አማረ እንደሚል ገበሬ ነው።

ኒው ዮርክ በተቃራኒው መንገድ ሄዳለች። የከተማዋ የሒሳብ ተቆጣጣሪ ብራድ ላንደር በጁን 2024 ባወጡት የኦዲት ሪፖርት በ2022 እና በ2023 ተመርጠው በተመረመሩ ስምንት ወራት ውስጥ ተኩስ መሆናቸው የተረጋገጡት ጥቆማዎች ከ8 እስከ 20 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሆኖም ኩባንያው የውሉን የ90 በመቶ መስፈርት በአብዛኛው አሟልቷል፤ ምክንያቱም ያልተረጋገጠ ጥቆማ በውሉ ስሌት እንደ ስሕተት አይቆጠርም። ኦዲቱ ፖሊስ ተጨማሪ መረጃ እንዲያወጣና አፈጻጸሙን በተሻለ መለኪያ እንዲመዝን ጠይቆ ነበር። በዲሴምበር 2024 ውሉ ለተጨማሪ ሦስት ዓመት በ21.8 ሚሊዮን ዶላር ታደሰ። ጊዜው ሲያልቅ ጠረጴዛው ላይ የሚቀርበው ሰነድ ከጥቆማዎቹ በስንቶቹ ላይ ሰውም ደውሎ እንደነበር፣ የደወለውም ስንት ደቂቃ እንደጠበቀ ካልያዘ፣ ክርክሩ እንደገና በ97ና በ9 መካከል ይሆናል።