ማስቲሽና የሐጃ ካሜራ

እህቶቼ፣ ሳምጣ ላይ የሰው ቤት የምንሠራ ሁሉ አንድ ፍርሃት አለን፤ «ዕቃ አበላሸሽ» መባል። ስለዚህ የማገለግላቸው አሮጊት ሐጃ አንድ ያረጀ ያሺካ ካሜራ ሲሰጡኝ እጄ ተንቀጠቀጠ። የሟች ባለቤታቸው ነው። የላዩ ጥቁር ቆዳ በሙቀቱና በወበቁ ተላቆ ተንጠልጥሏል። «አባትሽ ፎቶ አንሺ ነበር ብለሽኝ የለ? በይ አጣብቂልኝ» አሉኝ።

አባቴ ኃይቅ ከተማ በሩሲያ ዜኒት ፎቶ እያነሳ ነው ያሳደገን። አንድ ቀን ቆዳው ሲላቀቅ ላግዘው ብዬ በሱፐር ግሉ ለጠፍኩትና ሳጥን ውስጥ ዘጋሁበት። በማግስቱ ሌንሱ ጉም የለበሰ መስሎ ነጥቷል። ለካ ሱፐር ግሉ ሲደርቅ ትነት ያወጣል፤ ትነቱ መስታወት ላይ ነጭ ሆኖ ያርፋል። አባቴ አልተቆጣኝም። «ነገ ለሚፈታ ዕቃ፣ የሚላቀቅ ማጣበቂያ ነው» ብቻ አለኝ። ነገሩ የገባኝ ዘንድሮ ነው። ከቆዳው ሥር ብሎኖች አሉ፤ ነገ የሚጠግነው ሰው ቆዳውን ሳይቀድ ማንሳት አለበት።

ስለዚህ የመረጥኩት ማስቲሽ ነው፤ ያው ጫማ ሰፊዎቻችን የሚጠቀሙበት፣ እዚህ «ጊራ» የሚሉት። መጀመሪያ በስልኬ ፎቶ አነሳሁ፤ ሐጃም አጠገቤ ተቀመጡ። የድሮውን ማጣበቂያ አልኮል በነካ ጨርቅ ቀስ ብዬ ጠረግሁ። አልኮሉን ካሜራው ላይ አላፈሰስኩም፣ ወደ ውስጥ ይገባል። ከዚያ በክብሪት እንጨት ካሜራውንም ቆዳውንም ስስ አድርጌ ቀባሁ። ወዲያው አይለጠፍም! አሥር ደቂቃ ያህል ጠብቄ፣ ጣት ሲነካው መያዙን ሲተው፣ ከአንድ ጥግ ጀምሬ እየተጫንኩ ለጠፍኩ። አንዴ ከተነካካ ማንሸራተት የለም።

የኋላ ክዳኑ ውስጥ ያለው ስፖንጅም አርጅቶ ሬንጅ ሆኖ ይሆናል ብዬ ልከፍተው ነበር። ግን የፊልም መጠቅለያውን ቀስ ብዬ ባዞረው ገተረኝ። ፊልም አለበት! ብከፍተው ኖሮ ብርሃን ገብቶ ያቃጥለው ነበር። «ሐጃ፣ ውስጡ ፎቶ አለ» አልኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ ካሜራውን ደረታቸው ላይ አቀፉት።

ልጃቸው ጂዳ ወስዶ ያሳጥበዋል ተብሏል። ይውጣ አይውጣ አላህ ያውቃል፤ እኔ ግን ያልከፈትኩት ከለጠፍኩት ይበልጥብኛል።

እናንተም ማስቲሽ ስትነኩ መስኮት ክፈቱ፤ ሽታው ራስ ያዞራል፣ እሳትም ይይዛልና ከምድጃ አርቁት። ሱፐር ግሉን በጥጥ አትንኩት፣ ግሎ ያቃጥላል። ከሁሉ በፊት ግን ባለቤቱን አስፈቅዱና አጠገባችሁ አስቀምጡ።