ኩልና እርሳስ

ይህን ጽሑፍ መጀመሪያ የጻፍኩት በእርሳስ ነው። እርሳስ እንበለው እንጂ በጣቴ በያዝኩት እንጨት ውስጥ የእርሳስ ቅንጣት እንኳ የለም። ጥቁሩ ነገር ግራፋይት ይባላል፤ ከአልማዝ ጋራ አንድ ዘር የሆነ ካርቦን ነው። ጥቁርና አንጸባራቂ ስለ ሆነ የቀድሞዎቹ አውሮፓውያን የእርሳስ ዓይነት መስሏቸው ነበር። ካርቦን መሆኑን በስዊድን አገር ይኖር የነበረው ኬሚስት ሼሌ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1779 ገለጸ። ስሕተቱ ታረመ፤ ስሙ ግን አልታረመም። ጉዳት ስለሌለውም ማንም አልተጨነቀበት። የእናቴ የኩል ብልቃጥ ባይኖር ኖሮ እኔም አልጨነቅበትም ነበር።

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ አገሬ ሄጄ ነበር። ቤታችን ከደብረ ማርቆስ ወደ ደጀን በሚወስደው መንገድ፣ ሉማሜ አጠገብ ነው። እኅቴ ወልዳ አራስ ነበረች። አንድ ቀን ጧት እናቴ ሕፃኑን ጭኗ ላይ አስተኝታ፣ መኳያዋን ከብልቃጡ አውጥታ ዓይኑን ስትኩለው አየሁ። እኔ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝና ያየሁት ሕፃኑን ሳይሆን ቃሉን ነበር። ኩል በግዕዝ ኰሐለ ከሚለው ግሥ ጋራ፣ በዓረብኛም ኩሕል ከሚለው ቃል ጋራ ዘመድ ነው። ዓረቦች «አል ኩሕል» ያሉትን አውሮፓውያን ወስደው መጀመሪያ ለልም ዱቄት፣ ቀጥሎም ተጣርቶ ለወጣ ነገር ሁሉ፣ በመጨረሻም ከመጠጥ ለሚወጣው መንፈስ አዋሉት። አልኮልና ኩል የአንድ ቃል ልጆች ናቸው ማለት ነው! ይህን ለመጽሔታችን እጽፋለሁ ብዬ ደስ አለኝ። እናቴ ከገበያ ገዝታ ገና ካልወቀጠችው ድንጋይ የጥፍር ያህል ለምኜ፣ በወረቀት ጠቅልዬ ወደ ግቢ ይዤው መጣሁ።

በመኝታ ክፍላችን አንድ የጂኦሎጂ ተማሪ አለ። የቃሉን ታሪክ ካወራሁለት በኋላ «ቃሉንስ አወቅኸው፤ ድንጋዩ ግን ምንድን ነው?» አለኝ። «መጻሕፍቱ አንቲሞኒ ነው ይላሉ» አልኩት። ሣቀብኝ።

ለካ ኩል የሥራ ስም እንጂ የአንድ ድንጋይ ስም አይደለም። በዚህ ስም ከሚጠሩት አንዱ ስቲብናይት ነው፤ የአንቲሞኒና የድኝ ውሕድ። ሁለተኛው ጋሌና ነው፤ የእርሳስና የድኝ ውሕድ ሲሆን ከክብደቱ ከመቶ 86 እጅ በላይ የሚሆነው እርሳስ ነው። ሁለቱም እንደ ብረት ያብረቀርቃሉ፤ ሲደቁም ይጠቁራሉ። በገበያ ማን ይለያቸዋል?

ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው በሁለቱ መካከል ሌላ ነገድ መኖሩ ነው። እርሳስ፣ አንቲሞኒና ድኝ ሦስቱ ባንድነት ሲዋሐዱ የሚወለዱት ማዕድናት ሰልፎሶልት ይባላሉ፤ በእኛ ቋንቋ የድኝ ጨው ብንላቸው ያስኬዳል። በአንቲሞኒው ፈንታ አርሴኒክ ወይም ቢስሙት፣ በእርሳሱ ፈንታ መዳብ ወይም ብር የሚገባባቸውም አሉ። ከነዚህ ቡላንጀራይት የተባለው በ1837 በፈረንሳዊው የማዕድን መሐንዲስ በቡላንጄ ስም የተጠራ ነው፤ ከመቶ 55 እጁ እርሳስ፣ 26 እጁ አንቲሞኒ፣ የቀረው ድኝ ነው። ብዙ ጊዜ እንደ ፀጉር ቀጥኖ ይገኛል። ዘመዱ ጄምሶናይትም እንደዚሁ ፀጉር ይመስላል፤ ነገር ግን በውስጡ ብረት አለበት፤ የቡላንጀራይት ቀጭን ፀጉር ሲተጣጠፍ የጄምሶናይት ይሰበራል። በ1893 ከቦሊቪያ የተገለጸው ሲሊንድራይት ደግሞ ቆርቆሮ ጭምር ያለበት ሆኖ እንደ ተጠቀለለ ብራና ነው። በ2008 የዓለም አቀፉ የማዕድናት ጥናት ማኅበር ንዑስ ኮሚቴ ባወጣው ዝርዝር ከ200 በላይ ሰልፎሶልቶች ተመድበዋል።

የሚመደቡትም በመልካቸው ሳይሆን አተሞቻቸው በተደረደሩበት ሥርዓት ነው። አንቲሞኒ ድኝን በአንድ ወገን አጥብቆ ይዞ በሌላው ወገን ስለሚርቅ፣ የጋሌናን ቀጥ ያለ ድርድር እየቆራረጠ ሌላ ቅርጽ ይሰጠዋል። ይህን ደግሞ ዓይን አያየውም፤ የኤክስ ሬይ መሣሪያ ያስፈልጋል።

የእኛ ድንጋይ ግን እስከዚያ ድረስ አላስኬደንም። ጓደኛዬ በመዳፉ ሲይዘው ለመጠኑ ከባድ ሆነበት። ስንጥሩን በጉጠት ይዞ ሻማ ላይ አደረገው፤ ስቲብናይት ቢሆን በሻማ ይቀልጥ ነበር፤ ይህ አልቀለጠም። በመጨረሻ ቀስ አድርጎ በመዶሻ መታው። የተሰበረው ሁሉ፣ ትልቁም ትንሹም፣ ጠርዙ ቀጥ ያለ ኩብ ሆነ። ፀጉርም የለ፤ መርፌም የለ። «ጋሌና ነው» አለ። ከዚያ ሣቁን ትቶ «ለማን ነው የሚኩሉት?» ሲል ጠየቀኝ።

ያን ጊዜ ሕፃኑ ታየኝ። እርሳስ የሕፃንን አእምሮ ይጎዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ምንም ጉዳት የለውም የሚባል መጠን አይታወቅም ይላል። ከዋጠውም እርሳስ የሕፃን ሰውነት ከዐዋቂ 4 ወይም 5 እጥፍ ይወስዳል። ሕፃን ደግሞ ዓይኑን አሽቶ ጣቱን ይጠባል።

በስልክ የሚነገር ስላልመሰለኝ ቅዳሜ አውቶቡስ ተሳፍሬ ሄድኩ። በዓባይ ሸለቆ ስንወጣ ከታች የአሸዋ ድንጋዩን፣ ከዚያ ኖራ ድንጋዩን፣ ከላይ የጎጃምን ጥቁር ድንጋይ እያየሁ አሰብኩ። ይህ የእኛ ጥቁር ድንጋይ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ ነው። ኩሉ ግን ነጋዴ ያመጣው እንግዳ ነው። እንግዳ ሲመጣ ስሙ ይጠየቃል፤ እኛ ግን በሥራው ጠርተነው አሳለፍነው።

እናቴ እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ «አንተንስ ኩዬ አሳድጌህ የለም እንዴ? ዩኒቨርሲቲ የገባኸው በማን ዓይን ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። እርሳስ በእኔ ላይ ያደረሰው ጉዳት ካለ እኔው ራሴ ላውቀው አልችልም፤ ክፋቱም ይኸው ነው። የተማርኩትን ቃል ሁሉ ትቼ «እማዬ፣ ይህ እኮ ጥይት የሚሠራበት እርሳስ ነው» አልኳት። ዝም አለች። ቆይታ «ታዲያ ለምን እርሳስ አይሉትም?» አለች።

በዚያ ቀን ሕፃኑን አልኳለችውም፤ ከዚያም ወዲህ እንዳልኳለችው እኅቴ ነግራኛለች። «እኳላለሁ ብላ ዓይኗን አጠፋች» የሚለውን ተረት እያነሣች ትሥቃለች አሉ። ብልቃጡን ግን አልጣለችውም፤ እርሷ ራሷ ለበዓል ትኳላለች። በዚህ ላይ ገና አልተሸነፈችልኝም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች፣ እኛ የቋንቋ ሰዎች ድንጋይ የሚቆጥሩትንና የሚመድቡትን ጓደኞቻችንን ስናላግጥባቸው እንውላለን። እኔም ከነዚያው አንዱ ነበርኩ። አሁን ግን እርሳሴን በቀረጽኩ ቁጥር የእናቴ ጥያቄ ትዝ ይለኛል። እርሳስ የሌለበትን እርሳስ ብለን፣ እርሳስ የሆነውን ኩል ብለን የምንጠራ እኛ ነን። ጥያቄዋን የምትመልሱላት ካላችሁ ንገሩኝና በሚመጣው በዓል ይዤላት ልሂድ።