የ60ዎቹ ራዲዮ በግቢያችን

ዘንድሮ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤታችን ግቢ የጥላሁን ገሠሠ፣ የብዙነሽ በቀለ፣ የማህሙድ አሕመድና የዓለማየሁ እሸቴ ድምፅ ለምን እንደሚሰማ ብዙ ወላጆች ጠይቃችሁናል። አንዳንድ ጎረቤቶቻችንማ ሠርግ ያለ መስሏቸው ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የአማርኛ መምህራችን በኢንተርኔት የሚሰራጭ ራዲዮ በስልካቸው አገኙ። ዜና የለው፣ ማስታወቂያ የለው፣ ሌት ተቀን የ60ዎቹን ዘፈን ብቻ ያጫውታል። ስልኩን ለሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ከምንጠቀምበት ድምፅ ማጉያ ጋር አገናኘነው። ያሰብነው ልጆቹ አማርኛ ከመማሪያ መጽሐፍ ውጭ ሲነገር እንዲሰሙ ብቻ ነበር። እዚህ ጅቡቲ ተወልደው ያደጉ ልጆቻችን በእረፍት ሰዓት በሶማልኛና በፈረንሳይኛ ሲጫወቱ ስለምንሰማ ጭንቀታችሁ ጭንቀታችን ነው።

በመጀመሪያ "60ዎቹ" በሚለው ቃል ላይ መግባባት ነበረብን። ልጆቹ በፈረንሳይኛ ክፍለ ጊዜ የሚሰሙት 60ዎቹ ሌላ ነው፤ የእኛ ሌላ ነው። የእኛ 1960 የገባው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1967 ሲሆን፣ 1969 ያለቀው ደግሞ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1977፣ ጅቡቲ ነጻ በወጣች ሦስት ወር ሳይሞላ ነው። እኛ አምሳ ዓመት የተሻገርን መምህራን በእነዚያ ዓመታት ተወለድን እንጂ ዘመኑን አላየነውም። እኛ የካሴት ልጆች ነን። ሸክላ የታላላቆቻችን ነበር።

የሸክላውን ነገር ለልጆቹ ስናስረዳ የአምሃ እሸቴን ታሪክ ነገርናቸው። ሸክላ የማሳተም መብት በመንግሥት ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ነበር። ወጣቱ አምሃ እ.ኤ.አ. በ1969 ያን ክልከላ ደፍሮ አምሃ ሪከርድስን አቋቋመ፤ ሸክላዎቹንም በውጭ አገር እያሳተመ አስገባ። እስከ 1975 ድረስ 103 ትናንሽ ሸክላዎች አወጣ። እነሱን ለስድስተኛ ክፍል የሒሳብ ጥያቄ አደረግናቸው፦ እያንዳንዱ ሸክላ ሁለት ገጽ ቢኖረው፣ በአንዱ ገጽ የአራት ደቂቃ ዘፈን ቢኖር፣ ሁሉንም ለመስማት ስንት ሰዓት ይፈጃል? መልሱ 824 ደቂቃ፣ ማለትም 14 ሰዓት እንኳ የማይሞላ ሆነ። ልጆቹ አላመኑም፤ ደግመው አባዙት። ራዲዮው አንዱን ዘፈን ለምን እንደሚደጋግም ያን ጊዜ ገባቸው። የካይፋና የሌሎቹ አሳታሚዎች ሥራ ቢጨመርም፣ ያ ሁሉ ዝና የተገነባው ጥቂት ቀን ሰምተን በምንጨርሰው ሙዚቃ ላይ ነው።

ራዲዮው የጎደለው ነገር አስተዋዋቂ ነው። ዘፈን ተከትሎ ዘፈን ይመጣል፤ ግጥሙን ማን ደረሰው፣ ዜማው የማን ነው፣ ማን አቀናበረው የሚል ድምፅ የለም። ይህ ለእኛ ትንሽ ነገር አይደለም። ተማሪ ድርሰቱ ላይ ስሙን ካልጻፈ እርማት እንደማንሰጠው ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ደብተር ይዘው ወደ ወላጆቻቸው ሄዱ። የግርማ በየነን ስም ልጆቹ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰሙት ያን ጊዜ ነው፤ ዘፋኝ ብቻ ሳይሆን የብዙ ዘፈኖች አቀናባሪም ነው። የአርመኑን የነርሲስ ናልባንዲያንን ስምም እንዲሁ። የነርሲስ አጎት ኬቮርክ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ወደ አዲስ አበባ ከመጡት 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ጋር የሙዚቃ መሪ ሆኖ የመጣ ሰው ነበር። በዚያ ዘመን ከባሕር ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው ባቡር የሚነሣው ከዚህችው ከተማ መሆኑን ስንነግራቸው፣ አንድ ልጅ "ታዲያ ጡሩምባው በእኛ በር አለፈ ማለት ነው?" አለ። መልስ ሳንሰጠው ክፍሉ በጭብጨባ ተሞላ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን አንዲት ተማሪያችንን ሊወስዱ የመጡ አያት በራችን ላይ ቆመው ቀሩ። የብዙነሽ ዘፈን እየተጫወተ ነበር። የጥበቃ ባልደረባችን "እማማ፣ ይቀመጡ" ብሎ ወንበር ሰጣቸው፣ ውኃም አመጣላቸው። ዘፈኑን በቤታቸው ያጫውት የነበረው ታላቅ ወንድማቸው በቀይ ሽብር ጊዜ ከቤት ወጥቶ አልተመለሰም። እሳቸውም በዚያው ሰሞን በድሬዳዋ በኩል ወደዚህ ተሰደዱ። የልጅ ልጃቸው እንዲህ ያለ ሰው በቤተሰቡ እንደነበረ የሰማችው ያን ቀን ነው።

ወሬው ተሰማና የወላጅ መምህር ኅብረት ተሰበሰበ። አንድ አባት "የሰው ቁስል ለምን እንነካለን? ይቅር" አሉ። ሌላው ደግሞ ሰዓቱ ለፈረንሳይኛ ፈተና ዝግጅት ይዋል አሉ፤ ይህም የሚናቅ ሐሳብ አልነበረም። እኛ እንዲቀጥል ጠየቅን፤ ግን አንድ ነገር ለወጥን። ራዲዮው ያን ጊዜ "ወርቃማው ዘመን" ይለዋል። እኛ በታሪክ ክፍል ይህን ስም አንጠቀምም። በ1966 ወሎ ተርቦ ነበር፤ በዚያው ዓመት አብዮቱ ፈነዳ፤ ከዚያ ሰዓት እላፊው የሌሊቱን ጭፈራ ዘጋው፤ አምሃ ራሱም አገር ለቆ ወጣ። ሙዚቃው ውብ ነው፤ ይህን ለማለት ዘመኑን በወርቅ መቀባት አያስፈልግም። አያትየው በሚቀጥለው ሐሙስ ከሰዓቱ ቀድመው መጡ፤ ማንም አልጠራቸውም።

ብዙው ዘፈን ዛሬ በስልክ የሚሰማው ያስቀመጠው ሰው ስለነበረ ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1997 ጀምሮ ኢትዮፒክስ በሚል ተከታታይ አልበም ብዙዎቹን ለዓለም አሰማ። እዚሁ ከተማችን ውስጥም የጅቡቲ ራዲዮና ቴሌቪዥን በሺዎች የሚቆጠሩ የድምፅ ክሮች ጠብቆ አቆይቷል፤ የጣቢያው የራሱ ባንድ ግሩፕ ኤርቴዴም በ2020 አልበሙ በዓለም ገበያ ወጥቶለታል። የእኛ ልጆች በጎረቤቶቻቸው ሙዚቃም ቢኮሩ ደስ ይለናል።

በመጪው ዓመት ሐሙስ ይቀጥላል፦ ግማሽ ሰዓት ራዲዮው፣ ግማሽ ሰዓት አንድ ወላጅ ወይም አያት። ስለ ኢንተርኔት ወጪ ለጠየቃችሁን፣ በ64 ኪሎቢት ስርጭት የአንድ ሰዓት ፍጆታ ከ29 ሜጋባይት አይበልጥም፤ ስሌቱን የሠሩት የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። ሸክላ ወይም ካሴት በቤታችሁ ያለ ደግሞ በሽፋኑ ላይ ያሉትን ስሞች ልጆቹ እንዲገለብጡ በውሰት አምጡልን። ካሴቱን ግን እባካችሁ መኪና ውስጥ ትታችሁ አትምጡ፤ የሐምሌ ፀሐያችንን ታውቁታላችሁ።